ከሦስት መቶ በላይ የለም

አስር አለቃ ጥላዬ በሩን ሲያንኳኳ መቶ አለቃ ኃይለመለኮት አንድ እግሩን ቦት ጫማ ውስጥ ከትቶ ሁለተኛውን ጫማ ከአልጋው ሥር እየፈለገ ነበር። ጊዜው ሰኔ ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.፣ ቀኑ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ አንድ ተኩል ነው። ሆሳዕና ላይ ዝናቡ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ እንደ ጉድ ይወርዳል።

«ጌታዬ፣ ሙዚቃ ቤቱ ውስጥ ሰው ሞቷል» አለ ጥላዬ።

«የትኛው ሰው?»

«ባለቤቱ ነዋ! ጠና።»

«ዛሬ ገበያ መሐል ሸክላ ሊሰብር የነበረው?»

«እሱው። ሸክላውም ተሰብሮ አልቋል።»

መቶ አለቃው ሁለተኛውን ጫማ አገኘው፤ ውሃ ሞልቶታል። ጣሪያው እንደሚያፈስስ ለአከራዩ ሦስት ጊዜ ነግሮ ሦስቴም «እሺ፣ ነገ» ተብሏል። ጫማውን ደፍቶ አጠለቀውና እየተራገመ ወጣ።

ስለዚያ ሸክላ ያልሰማ ሰው በከተማው አልነበረም። ጠና የጉራጌ ነጋዴ ልጅ ነው፤ አባቱ ጨርቅ ሲሸጡበት የኖሩትን ሱቅ ሙዚቃ ቤት አደረገውና በገዛ ገንዘቡ የመምህር ማቴዎስን ዘፈን አሳተመ። በሩ ላይ «ከሦስት መቶ በላይ የለም» ብሎ በትልቁ ለጠፈ። በእያንዳንዱ ሸክላ መሐል በተለጠፈው ወረቀት ላይ ከአንድ እስከ ሦስት መቶ ያለውን ቁጥር በጥቁር ቀለም በእጁ ጽፎ ፈረመበት። ውጭ አገር ያለው ፋብሪካ ግን ከአምስት መቶ በታች አላትምም ስላለ ሁለት መቶ ሸክላ ተረፈ። ጠና የተረፈውን ሣጥን ውስጥ አሽጎ ለሰፈሩ ዕድር በአደራ ሰጠ፤ ሦስት መቶው ተሸጦ ባለቀ በሳምንቱ ቅዳሜ ገበያተኛው እያየ በመዶሻ እሰብራቸዋለሁ ብሎም ማለ። መዶሻውን ሳይቀር ገዝቶ መስኮቱ ላይ ሰቀለው። ግማሹ ሰው አብዷል አለ፤ ግማሹ ተሰልፎ ገዛ።

መቶ አለቃውና ጥላዬ ወደ ሱቁ ሲቃረቡ የዕድሩ ጡሩምባ ገና ከታች ሰፈር ይነፋ ጀመር። ግቢው ውስጥ፣ በሱቁና በመኖሪያው መካከል፣ ድንኳኑ ተተክሎ አግዳሚ ወንበሮቹ ተደርድረዋል። የዕድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ አቶ ወልደ ሰንበት በሩ ላይ ቆሞ እርሳሱን በምላሱ እያራሰ የደረሱትን ሰዎች ስም ይመዘግባል። ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን ዶዮገናና ጊምቢቹ ገበያ ይወርዳል፤ ቤቱ ከጠና ግቢ ጋር አጥር ይጋራል።

«ደህና አደሩ፣ መቶ አለቃ፤ ይቀመጡ፣ የጫማዎን ውሃ ያፍስሱ» አለው።

መቶ አለቃው አንዱ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ደረቅ ነው። ከነጋ የመጀመሪያው ደረቅ ነገር። በዚህ ከተማ ውስጥ አንድ ነገር እንኳ በሰዓቱ ተሠርቶ ማየቱ ደስ አለው፤ ውሃውን ደፍቶ ወደ ሱቁ ገባ።

ጠና ከባንኮኒው ጀርባ በደረቱ ተደፍቶ ወድቋል። ጭንቅላቱ ከኋላ ተመትቷል። አዲሱ መዶሻ አጠገቡ ተጥሏል። ወለሉ በጥቁር ስብርባሪ ከዳር እስከ ዳር ተሸፍኖ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። መሐል ላይ የዕድሩ ሰም የታተመበት ሣጥን ክዳኑ ተነቅሎ ባዶውን ተቀምጧል።

መቶ አለቃው ተንበረከከና ስብርባሪውን በእጁ ማገላበጥ ያዘ። የማቴዎስ ስም ያለባቸው ስድስት ሸክላዎች አገኘ። ስድስቱም ተጎድተዋል፤ አንዱ ተጣምሟል፣ ሌላው መዶሻው ያረፈበት ቦታ ላይ ጎድጉዷል፤ የተሰባበረ ግን የለም። ከሌላው ስብርባሪ ውስጥ ደግሞ ስም ያለበት አንዲት ቁራጭ ወረቀት አጣ።

ከዚያ ሣጥኑ ውስጥ እጁን ሰደደ። ከጥጉ ያወጣው ደረቅ ቅጠል ነው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ኮባ ነዋ፤ የእንሰት ቅጠል» አለ ጥላዬ።

«ፋብሪካው ያለው ውጭ አገር ነው። እዚያ ኮባ ይበቅላል?»

ጥላዬ ትከሻውን ሰበቀ። መቶ አለቃው ቅጠሉን ደብተሩ ውስጥ ከተተው።

የሟች ሚስት ወይዘሮ አስካለች በሴቶች ተከበው ተቀምጠዋል። ድምፃቸው ከማልቀስ ብዛት ተዘግቷል፤ ሆኖም የተጠየቁትን ሳያወላውሉ ይመልሳሉ።

«ሣጥኑ መቼ መጣ?»

«ትናንት አሥር ሰዓት ላይ፤ ወልደ ሰንበት ራሱ በጋሪ አመጣው። ሰሙ አልተነካም፤ አይቼዋለሁ።»

«ከዚያስ?»

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መምህር ማቴዎስ መጣና ተጨቃጨቁ። እየተቆጣ ወጣ። ጠና 'ዛሬ ሣጥኑን ጥዬ አልገባም፣ እዚሁ አድራለሁ' አለኝ። ቆይቶ ዘፈኑን ሲያጫውተው ሰማሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የከተማው መብራት ሲመጣ ደግሞ መዶሻ ሰማሁ። ሣጥን የሚከፍት መስሎኝ...» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «ሄጄ ባየው ኖሮ!»

«ወይዘሮ አስካለች፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አንድ ነገር አልገባ ብሎኛል። ሰው ገንዘቡን አውጥቶ ያሳተመውን ለምን ይሰብራል?»

«እኔም እንዲሁ ብዬ ተጣልቼዋለሁ። ሱቁ ጓዳ ያሉትን አሮጌ ሸክላዎች አላዩም? ከአዲስ አበባ በገፍ አመጣና ማንም ሳይነካቸው አቧራ ጠጡ። ያኔ ተማረ። ይኼን ከማሳተሙ በፊት በእግሩም በጋሪም ሆሳዕናን፣ ዱራሜን፣ አንጋጫን፣ ዶዮገናን ዞሮ ግራሞፎን ያለበትን ቤት አንድ በአንድ ቆጠረ። ሦስት መቶ አይሞላም። 'አስካለች፣ ከዚህ ካለፍኩ ሱቅ ጓዳ የሚያረጅ ነው የማሳትመው' አለኝ። 'ሰው ነገ አገኘዋለሁ ያለውን ዛሬ አይገዛም፤ እንደሚያልቅ ካወቀ ግን ይሳሳለታል፣ ለልጁም ያቆየዋል። ቃሌን ካጠፍኩ ደግሞ ሁለተኛ ማንም አያምነኝም' ይል ነበር።»

ይህን ሰምቶ ሲወጣ የጣቢያው አዛዥ ሻምበል ድንኳኑ ውስጥ ቆሟል። ማቴዎስን አስይዟል።

«አለቀ፣ ኃይለመለኮት! ልጁ ሐሙስ ዕለት ሰው ፊት ጮኾበታል፤ ትናንት ማታ ከዚህ ሲወጣ ታይቷል። ሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ላንድሮቨሩ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ እሱም አብሮ ይሄዳል።»

«ጌታዬ፣ ልጁ ከወጣ በኋላ ዘፈን ሲጫወት ተሰምቷል።»

«ተመልሶ መጣ ማለት ነዋ።»

«የተጣላው እኮ ሸክላዎቹ አይሰበሩ ብሎ ነው። አይሰበሩ ያለ ሰው እንዴት ራሱ ይሰብራቸዋል?»

«ሲናደድ!» አለ ሻምበሉ ነገሩ እንደገባው ሰው። «ሰኞ ስድስት ሰዓት።»

መቶ አለቃው ጥርሱን ነከሰ። አንድ ሰው ወደ አዲስ አበባ ተጭኖ ከሄደ ቀጠሮ በቀጠሮ እየተደረበ ዓመት እንደሚፈጅበት ያውቃል። ንጹሕ ቢሆንም ባይሆንም ዓመቱ ያው ነው።

ማቴዎስ የሌሞ ገበሬ ልጅ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ፤ በሆሳዕና ትምህርት ቤት ያስተምራል። ጣቢያው በር ላይ ሚስቱ ገነቴ የወር ገብ ሆዷን ይዛ፣ የምግብ ሣህን በጨርቅ ቋጥራ ዝናብ ውስጥ ቆማለች። መቶ አለቃው ጥላ እንዲሰጧት አዝዞ ገባ።

«ለምን ተጣላህ?»

«እንዴት አልጣላ፣ ጌታዬ? ለዚህ ዘፈን ስል ከመዘምራን ተለይቻለሁ። አባቴ ሁለት ወር አላናገረኝም። ይኼ ሁሉ ሆኖ አምስት መቶ ታትሞ ሁለት መቶውን እሰብራለሁ ይለኛል። ጊምቢቹ ያሉ ተማሪዎቼ አልሰሙትም። 'ስጣቸው፤ በነፃም ቢሆን ስጣቸው' አልኩት።»

«እሱስ?»

«'ያኔ ሬዲዮ ሆንክ፤ ለሬዲዮ ማን ይሳሳል?' አለኝ። 'ሦስት መቶ ብዬ ሸጬ አራት መቶ ቢገኝ ሌባ ነኝ' አለኝ። አልገባኝም ነበር። ጮኼበት ወጣሁ።»

«መትተኸዋል?»

«አልመታሁትም።» ማቴዎስ ካቴናውን አየ። «ገነቴ በዚህ ሳምንት ትወልዳለች። ሰኞ ከወሰዱኝ ልጄን መቼ ነው የማየው?»

ጥያቄው መቶ አለቃውን ከእርጥቡ ካልሲ በላይ አበሳጨው።

ከሰዓት በኋላ የትርፊት ቡና ቤት ገባ። ትርፊት ቁጥር አንድ ሸክላ የገዛች ሴት ናት፤ መጀመሪያ ለመሆን ሱቁ ደጃፍ ከጎህ በፊት ተሰልፋለች። ሸክላው ከግራሞፎኗ በላይ መስታወት ውስጥ ተቀምጧል።

«ያውርዱልኝና ልየው» አላት።

«አይጥሉትም አይደል?» አለችና ራሷ ሳቀች። «ቢጥሉትስ! አንድ ሰካራም ተቀምጦበት እንኳ ምንም አልሆነ። እንደ ድሮው አይደለም፤ ጎበጥ ይልና ተመልሶ ይቃናል።»

መቶ አለቃው ቀና አለ። «የድሮው እንዴት ነበር?»

«ገና ሲያዩት ነው የሚፈረካከሰው! አሮጌዎቹን ለጠና መለስኩለት፤ ጓዳው ሞልቷል።»

መቶ አለቃው ከኪሱ ከሱቁ ወለል ያነሳውን ስባሪ አወጣና ጠርዙን ከቁጥር አንድ ጠርዝ ጋር ገጠመው። አልገጠመም። የስባሪው ጠርዝ ከሰፋ ክብ የመጣ ነው፤ አዲሱ ሸክላ ትንሽ ነው።

«ወይዘሮ ትርፊት፣ ዓርብ ጠናን አግኝተውታል?»

ፊቷ ተለወጠ። «እሱን ልነግርዎ ነበር። ዓርብ ቀን አንድ የዶዮገና ገብስ ነጋዴ እዚሁ ተቀምጦ 'ቁጥር አንድ እኮ ያለው እኔ ቤት ነው' አይለኝ መሰለዎት! ዓይኔ እሳት ለብሶ ጠና ዘንድ ሄድኩ። 'ስንት ቁጥር አንድ ነው ያለህ?' አልኩት። አመድ መሰለ። 'እትዬ ትርፊት፣ ባባቴ ይሁንብኝ አንድ ብቻ ነው። ሣጥኑ ዛሬ ከዕድር ይመጣል፤ ሳልሰብረው በፊት ከፍቼ አየዋለሁ' አለኝ።»

መቶ አለቃው ባርኔጣውን አነሳ። ጥላዬን በጭነት መኪና ወደ ዶዮገና ሲልከው ያለው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ያንን ሸክላ ይዘህልኝ ና።»

እሑድ አስቀያሚ ቀን ነበር። ስልኩ አይሠራም። ሻምበሉ ሌላ ሰፈር ቀብር ሄዶ አልተመለሰም። መቶ አለቃው ከሱቁ ጓዳ ሁለት አሮጌ ሸክላ አወጣ፤ የቀሩት እነዚያ ብቻ ነበሩ፣ ሌላው መደርደሪያ ባዶ ነው። አንዱን በመዶሻ መታው፤ እንደ ድስት ተፈረካከሰ። የማቴዎስን ጎባጣ ሸክላ ደግሞ መታው፤ ጎደጎደ እንጂ አልተሰበረም። አሁን ሦስት ነገር ያውቃል። ወለል ላይ የፈሰሰው ስብርባሪ የጠና አሮጌ ዕቃ ነው። ሣጥኑ ውስጥ የነበረው ከኮባ ጋር የታሸገ ሌላ ነገር ነው። እውነተኞቹ ሁለት መቶ ሸክላዎች ቀድመው ተሰርቀዋል። ማን ሰረቃቸው ለሚለው ግን ስም እንጂ ማስረጃ የለውም። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ሦስት የዕድር ሰዎች ይይዛሉ፤ ማኅተሙን ሦስቱም ያውቁታል። ማንኛቸውን ይዞ ሻምበሉ ፊት ይቁም? ግድግዳውን በቡጢ መታና እጁን አሳመመው።

ሰኞ በአራት ሰዓት ጥላዬ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ተመለሰ።

«ሸክላውን አመጣሁ። ነጋዴው የገዛው ከአዟሪ ነው። አዟሪው ወላይታ ሄዷል።»

«መቼ ይመለሳል?»

«ማን ያውቃል፣ ጌታዬ?»

መቶ አለቃው ሊጮህ አፉን ከፍቶ ሸክላውን ሲያይ ተወው። በወረቀቱ ላይ ያለው «፩» ዝናብ ነክቶት ደምቆ ሐምራዊ ሆኗል። የጠና ቁጥር በጥቁር ቀለም ነው። ይኼኛው በእርሳስ ነው፤ ምላስ ወይም ውሃ ሲነካው ሐምራዊ በሚሆነው እርሳስ። እንዲህ ያለ እርሳስ ግን ጽሕፈት ቤት ሁሉ፣ ነጋዴም ሁሉ አለው።

ሁለት ሰዓት ቀርቶታል። የሟች ሣልስት ስለሆነ ሰዉ ሁሉ የጠና ግቢ ነው፤ እሱም ወደዚያው ሄደ። ዝናቡ እንደ ቅዳሜው ያወርደዋል። ለለቅሶተኛው መብዛት ተጨማሪ አግዳሚ ከሌላ ዕድር ተውሰው በጋሪ ሲያመጡ ደረሰ። ሴቶቹ የሚንጠባጠበውን በጨርቅ ይጠርጋሉ፤ የአግዳሚዎቹ እግር በጭቃ ተለውሷል። አንዲት ሴት «ቁጭ አይበሉ መቶ አለቃ፣ ይበሰብሳሉ!» አለችው።

መቶ አለቃው እርጥቡን አግዳሚ አየ፤ ከጎኑ ያለውን የቅዳሜውን አየ። ከዚያ በራሱ ላይ ተናደደ። ሁለት ቀን ሙሉ ተቀምጦበት ነበርና።

ሻምበሉን ለመነው፤ «ግማሽ ሰዓት፣ ጌታዬ። ላንድሮቨሩ እዚሁ በር ላይ ይቁም።» ሻምበሉ ሰዓቱን እያየ፣ ለለቅሶው ክብር ሲል ብቻ፣ እሺ አለ። ማቴዎስን ከነካቴናው አመጡት። ገነቴ ከበስተኋላው ቆመች። ወይዘሮ አስካለች ፊት ለፊት፣ ትርፊት ከጎናቸው፣ አቶ ወልደ ሰንበት መዝገቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። መቶ አለቃው ጥላዬን ጠርቶ በጆሮው አንድ ነገር ነገረውና ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሰደደው።

«ብዙ አላስቸግራችሁም» ብሎ ጀመረ። «በቅድሚያ፣ ሁለት መቶው ሸክላ አልተሰበረም።»

ድንኳኑ አጉረመረመ። መቶ አለቃው አንድ አሮጌና አንድ የማቴዎስ ሸክላ ባንድ እጅ ይዞ በመዶሻ መታቸው። አሮጌው ተፈረካከሰ፤ አዲሱ ጎበጠ።

«ወለሉ ላይ የነበረው ይኼ አሮጌው ነው። ስም ያለበትን መሐሉን ሁሉ ገዳዩ ለቅሞ ወስዷል፤ ከላይ ስድስት የማቴዎስ ሸክላ ጣል አድርጎ ሁሉም የሱ እንዲመስል አደረገ። ለምን? ሣጥኑ ሲከፈት ሸክላ ስላልነበረበት። ውስጡ ሌላ ነገር በኮባ ታሽጎ ነበር። ወይዘሮ ትርፊት ለጠና የነገሩት እውነት ነው፤ ቁጥር አንድ ሁለት ነው። አንድ ሰው ከአደራው እያወጣ ቁጥር እየጻፈ በየገበያው ሸጧል። ቅዳሜ ሣጥኑ ሰው ፊት ሲከፈት ሊያልቅለት ነው።»

«ልጁ ግን—» አለ ሻምበሉ።

«ልጁ ዕቃ ቤት ገብቶ አያውቅም፣ ጌታዬ። አቶ ወልደ ሰንበት፣ ቅዳሜ ጠዋት ጡሩምባው ሲነፋ የት ነበሩ?»

«እዚሁ ነዋ፤ ድንኳን ሳስተክል።»

«ድንኳኑስ ከየት መጣ?»

«ከዕቃ ቤት። ከየት ይመጣል?»

«ዕቃ ቤቱ ከገበያው ማዶ ነው፤ በጋሪ ግማሽ ሰዓት። ዝናቡ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ይወርድ ነበር። እኔ ጡሩምባው ገና ሲነፋ ደርሼ ተቀመጥኩ፤ አግዳሚው ደረቅ ነበር፣ እግሩን ጭቃ አልነካውም። እዚያ ያሉትን የዛሬዎቹን እዩ።»

ሰው ሁሉ ዞሮ እርጥቡን አግዳሚ አየ። ከበሩ አጠገብ አንድ የዕለቱ ተረኛ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እውነት ነው፣ መቶ አለቃ። እኛ ያነሳነው ከአቶ ወልደ ሰንበት በረንዳ ነው፤ በአጥሩ በኩል አሻገርነው። ዓርብ ለስፌት አውጥቼው ነበር ብለውናል።»

«ድንኳኑ ይሰፋ ይሆናል። ሊሰፋ የወጣ አግዳሚ ወንበር ግን አይቼ አላውቅም።»

መቶ አለቃው በጣቱ ድንኳኑን አመለከተ።

«ሰው ሲሞት ተረኞቹ ዕቃ ቤት ገብተው ድንኳኑን ይዘረጋሉ» አለ መቶ አለቃው። «የተረፉት ሸክላዎች ደግሞ ድንኳኑ ውስጥ ተጠቅልለው ነበር። ዓርብ ማታ ከዚህ ሱቅ የወጣው ሰው ቅዳሜ ለቅሶ እንዳለ ያውቃል፤ በዚያ ሰፈር ይኼን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። ሸክላ ተሸክሞ ቢታይ ከተማው ሁሉ 'ከየት አመጣኸው?' ይለዋል። የዕድር ዕቃ ጭኖ ቢታይ ግን ማን ይጠይቀዋል? ሥራው ነው። ስለዚህ ድንኳኑን ከነወንበሩ ጋሪ ላይ ጭኖ ቤቱ አስገባ። ጡሩምባ ሳይነፋ፣ ሬሳው ሳይገኝ፣ ለጠና ለቅሶ ድንኳን አዘጋጀ።»

ወይዘሮ አስካለች ቀስ ብለው ተነሡ። «ወልደ ሰንበት፣ እኔ እኮ ቶሎ ደረስክልኝ ብዬ መርቄሃለሁ።»

ወልደ ሰንበት መዝገቡን ያዘ፣ ለቀቀ። «ቁጥሩን ማን ጻፈ ይላሉ? እርሳስ ሁሉም ሰው አለው» አለ። ይኸው ጥያቄ አጋለጠው፤ ሐምራዊው ቁጥር በእርሳስ መጻፉን እስካሁን ለዚያ ሕዝብ የነገረ አልነበረምና። መቶ አለቃው የዶዮገናውን ሸክላ ከካፖርቱ ኪስ አወጣና ለሻምበሉ ሰጠው።

በዚያው ቅጽበት ጥላዬና ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። ከወልደ ሰንበት ጎተራ፣ ከገብሱ ሥር፣ መቶ ሠላሳ አራት ሸክላ አውጥተዋል። የአሮጌዎቹም መሐል በጆንያ ታስሮ ተገኝቷል።

«ጠና ሊተወው ይችል ነበር!» አለ ወልደ ሰንበት በድንገት። ይጮህ የነበረው ለማን እንደሆነ አይታወቅም። «ክዳኑን አንሥቶ ቆርቆሮና ኮባ ሲያይ ለመንኩት። ዝም በልልኝ፣ ሰበርኩት ብለህ ቅበረው አልኩት። 'ነገ ገበያ ላይ ስምህን እጠራለሁ፤ ካልጠራሁ እኔ ነኝ ሌባው' አለኝ። ሃያ ዓመት የዕድሩን ዕቃ ጠብቄያለሁ! ሃያ ዓመት! ለአንድ ሣጥን ሸክላ!»

«አንተስ የገደልከው ለአንድ ሣጥን ሸክላ አይደለም ወይ?» አለች ትርፊት።

ጥላዬ እጁን ያዘው። የማቴዎስ ካቴና ቁልፍ ጣቢያው ውስጥ ተረስቶ ስለነበር፣ ያንን ለማምጣት ሌላ ግማሽ ሰዓት ፈጀ፤ መቶ አለቃው ያን ግማሽ ሰዓት ድንኳኑን እየዞረ ሲራገም አሳለፈው። ቁልፉ ሲመጣ ራሱ ፈታው። ገነቴ የባሏን እጅ ይዛ የካቴናውን ቁስል በነጠላዋ ጫፍ ታብስ ጀመር። በማግሥቱ ወንድ ልጅ ወለደች።

ወልደ ሰንበት የተፈረደበት ከመስቀል በኋላ ነው። ለማስረጃ የተያዙት ሸክላዎች ለወይዘሮ አስካለች ተመለሱ። አንድ ቅዳሜ መቶ አለቃው በገበያው ሲያልፍ ሰው ተሰብስቦ አየና ተጠጋ። መሐሉ ላይ እሳት ነድዷል። ማቴዎስ ሸክላዎቹን እያነሣ አንድ በአንድ ይጥላል፤ ወይዘሮ አስካለች አጠገቡ ቆመው ይቆጥራሉ።

«መቶ ሠላሳ አራት ነበሩ፤ ይኼ ሁሉ ከየት መጣ?» ሲል ትርፊትን ጠየቃት።

«በየገበያው የተሸጡትን ልቅም አድርጎ ሰብስቦ ነው። ክረምቱን ሙሉ በእግሩ ዞረ፤ ዶዮገና፣ ጊምቢቹ፣ የት ያልሄደበት አለ? ሸክላውን ለመለሰለት ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ይዘፍንለታል።»

መቶ አለቃው ተናደደ። ምክንያቱን በትክክል ባያውቀውም ተናደደ። ጠና ሞተ፣ ልጁ ታሰረ፣ አሁን ደግሞ ይኼ ሁሉ ድምፅ እሳት ሊበላው ነው። ሰዉን ገፍቶ ገባ።

«መምህር ማቴዎስ፣ እንዳይሰበሩ የለመንከው አንተ አልነበርክም? ለልጅህ እንኳ አንድ አትይዝም?»

«ከሦስት መቶዎቹ አንድም የለኝም፣ ጌታዬ። ሲሸጥ ተራ ጠብቄ አልገዛሁም።»

«እኮ! ከዚህ አንዱን ያዝ። ማን ያይሃል?»

ማቴዎስ በእጁ የያዘውን ሸክላ አገላብጦ አየው። የራሱ ስም ተጽፎበታል።

«አንድ ብይዝ ጠና ውሸታም ይሆናል» አለና እሳቱ ላይ ጣለው።

ወይዘሮ አስካለች «መቶ ዘጠና ስምንት» አሉ።